የፕሮግራመሮችን ችሎታ በተረጋገጠ የኮድ ሥራ የመመዘን አሠራር

የሶፍትዌር ባለሙያዎችን የሚመለምሉ ድርጅቶች ከትምህርት ማስረጃና ከሥራ ልምድ መግለጫ በተጨማሪ አመልካቹ የጻፈውን ኮድ ይመለከታሉ። ኮዱ ማስረጃ የሚሆነው ግን በእርግጥ የአመልካቹ ሥራ መሆኑ ሲታወቅ ነው። ይህን ማወቅ ብዙዎች እንደሚገምቱት ቀላል አይደለም።

ለችግሩ መነሻ የሆነው የመመዝገቢያው አሠራር ነው። ሊነስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ በ2005 ለሊኑክስ ከርነል ሥራ ያዘጋጀው ጊት የተሰኘው ሶፍትዌር በኮድ ላይ የሚደረገውን እያንዳንዱን ለውጥ ከሠሪው ስም፣ ከኢሜይል አድራሻውና ከቀኑ ጋር ይመዘግባል። ይሁንና ስሙም ሆነ ቀኑ የሚሞላው በተጠቃሚው ኮምፒውተር ላይ በመሆኑ አንድ ሰው የሌላውን ስም ማስገባት ወይም ትናንት የጻፈውን ከሦስት ዓመት በፊት እንደተጻፈ አድርጎ መመዝገብ ይችላል። ጊትሃብ በተጠቃሚዎች ገጽ ላይ የሥራ ቀናትን በአረንጓዴ ካሬዎች የሚያሳይበት ሰሌዳም በዚሁ መንገድ በአንድ ምሽት ሊሞላ ይችላል። ሰሌዳውን ብቻ አይቶ የሚወስን መልማይ ካለ የሚመዝነው ቀለም ነው።

ለዚህ መፍትሔ ከሆኑት አንዱ ዲጂታል ፊርማ ነው። ሠሪው በእጁ በሚቆይ ሚስጥራዊ ቁልፍ ለውጡን ይፈርማል፤ ጊትሃብም አስቀድሞ በተመዘገበው ይፋዊ ቁልፍ ፊርማውን አመሳክሮ መረጋገጡን የሚገልጽ ምልክት ያደርግበታል። ምልክቱ የተጀመረው እ.ኤ.አ በ2016 ነው። ፊርማው ለውጡ ከቁልፉ ባለቤት የመጣና ከዚያ በኋላ ያልተነካ መሆኑን ያረጋግጣል። ከሌላ ሰው የተቀዳ ወይም በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተጻፈ ኮድም ግን ሊፈረም ይችላል።

ስለ ችሎታ ይበልጥ የሚናገረው በሌሎች ባለሙያዎች ተመርምሮ ተቀባይነት ያገኘ ሥራ ነው። በሊኑክስ ከርነል ማሻሻያው በኢሜይል ቀርቦ ይተቻል፤ ብዙ ጊዜም ታርሞ በድጋሚ ይላካል። ኃላፊው ሲቀበለውም የመርማሪዎቹ ስም ከለውጡ ጋር ሊመዘገብ ይችላል። መልማዩ ውይይቱን በማንበብ አመልካቹ ለትችት የሰጠውን ምላሽ ይረዳል። በዚህ ሁኔታ ያለፈ የአምስት መስመር እርማት ማንም ካልመረመራቸው በርካታ የግል ፕሮጀክቶች ይልቃል።

አሠራሩ ሁሉንም አይጠቅምም። በባንክና በመሰል ድርጅቶች ዓመታት የሠራ ባለሙያ ኮዱ የቀጣሪው ንብረት በመሆኑ ማሳየት አይፈቀድለትም። ለእንዲህ ዓይነቱ አመልካች የሚበጀው አጭር ሥራ ሰጥቶ የጻፈውን መስመር በመስመር እንዲያስረዳ ማድረግ ነው።

በኢትዮጵያ በሐምሌ ወር 2016 ዓ.ም ይፋ በሆነው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ኢኒሼቲቭ ሥልጠናቸውን የሚያጠናቅቁ ወጣቶች የምስክር ወረቀት ያገኛሉ። ከወረቀቱ ጎን የሚታይ ሥራ ለማቅረብ የሚሹ ሠልጣኞች የፊርማ ቁልፋቸውን ከመጀመሪያው ፕሮጀክት አስቀድመው ማዘጋጀት ይኖርባቸዋል። ሳይፈረም የቆየን ሥራ በኋላ ለመፈረም መዝገቡን እንደገና መጻፍ ያስፈልጋል፤ የእያንዳንዱ ለውጥ መለያም በዚሁ ይቀየራል።