ስሕተትን ደረጃ በደረጃ የመፈለግ ታሪክ

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለው ያባቶቻችን ምሳሌ ለዘመናችን የኮምፒውተር ትምህርት የተነገረ ይመስላል። በዚህ የበዓል መጽሔታችን ላይ፤ የፕሮግራም ስሕተት ደረጃ በደረጃ የሚፈለግበትን ዘዴ ታሪክና እኛም እንዴት እንደ ተማርነው በአጭሩ ለመግለጥ እንወዳለን።

ሰፈራችን ቀጨኔ በሸማኔዎቿና በሸክላ ሠሪዎቿ የታወቀች ናት። ሸማኔው ድሩ ሲበጠስበት መወርወሪያውን ያቆማል፤ የተበጠሰውን ክር ፈልጎ ይቋጥራል፤ ከዚያ በኋላ ወደ ሥራው ይመለሳል። ኮምፒውተርም ከሽመና ጋር የሩቅ ዝምድና አለው። ፈረንሳዊው ዣካር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1804 ጥለቱን በተበሳ ካርድ የሚያዝዝ የሽመና መኪና ሠራ፤ እንግሊዛዊው ሊቅ ባቤጅም ላሰበው የማስሊያ መኪና የካርዱን ሐሳብ ከዚያ ወሰደ።

ጳጉሜ 4 ቀን 1939 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር በሐርቫርድ ዩኒቨርሲቲ፤ ማርክ ሁለት በተባለው የማስሊያ መኪና ውስጥ አንዲት የእሳት ራት ተገኘች። ሠራተኞቹም እየሳቁ በመዝገባቸው ላይ ለጠፏት። መሐንዲሶች ስሕተትን «ተባይ» ማለት የጀመሩት ከዚያ አስቀድሞ ነው፤ ዲበገር የሚለውም ስም ተባይ አስወጋጅ እንደ ማለት ነው።

ይሁን እንጂ አብዛኛው ስሕተት የሚመጣው ከነፍሳት ሳይሆን ከራሱ ከጸሓፊው ነው። በካምብሪጅ ኤድሳክ የተባለውን ኮምፒውተር የሠራው ሞሪስ ዊልክስ፤ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1949 ከቀሪ ዕድሜው ብዙው የራሱን ስሕተት በመፈለግ እንደሚያልፍ ተገነዘበ። የሥራ ባልደረባው ስታንሊ ጊል በዚሁ አቆጣጠር በ1951 ባሳተመው ጽሑፍ፤ የሌላውን ፕሮግራም ትእዛዝ አንድ በአንድ እያስፈጸመ ያለፈበትን መንገድ የሚያትም ፕሮግራም አስረዳ። ከዐሥር ዓመት በኋላ ደግሞ ፒዲፒ አንድ ለተባለው ኮምፒውተር፤ ሥራውን በተፈለገው ቦታ አስቁሞ ውስጡን የሚያሳይ መሣሪያ ተሠራለት። ስሙንም ዲዲቲ አሉት፤ በአገራችን ለወባ ትንኝ ይረጭ በነበረው መድኃኒት ስም መሆኑ ነው።

እኛም ለትምህርት ቤታችን በዓል፤ በሁለት የኢትዮጵያ ቀኖች መካከል ስንት ቀን እንዳለ የሚቆጥር ፕሮግራም ጻፍን። ከመስከረም 1 ቀን 2015 እስከ መስከረም 1 ቀን 2016 ዓ.ም. 366 ቀን ማለት ሲገባው 365 አለን። ሦስት ቀን ሙሉ በግምት አንዱን መስመር ስንሰርዝ ሌላውን ስንጨምር ሰነበትን፤ ያልነበረ ስሕተትም ጨመርን። በመጨረሻ ኮምፒውተሩ ተበላሽቷል ብለን ለመምህራችን ከሰስን።

መምህራችን አልተቈጡም። ዲበገሩን ከፍተው ጳጉሜን በሚቆጥረው መስመር ላይ ማቆሚያ አደረጉና፤ «አሁን አትገምቱ፤ ተመልከቱ» አሉን። አንድ መስመር በሄድን ቁጥር በጎን የተጻፈውን ዋጋ እናነብ ነበር። ዓመቱ 2015 ሲሆን ጳጉሜ 5 ሆነች፤ 2016 ሲሆን 6 ሆነች። ነገሩ ወዲያው ተገለጠልን። የአውሮፓን ሕግ ይዘን ዓመቱ ለ4 ያለ ቀሪ ሲካፈል አንድ ቀን ጨምረን ኖሯል፤ በኛ አቆጣጠር ግን ጳጉሜ 6 የምትሆነው ለ4 ተካፍሎ 3 ሲተርፍ፤ ይኸውም በዘመነ ሉቃስ ነው። ኮምፒውተሩ ያዘዝነውን በታማኝነት ፈጽሟል፤ የተሳሳትነው እኛ ነን።

በዚያ ቀን አፈርን፤ ነገር ግን ተማርን። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» እንደ ተባለ፤ የገዛ ስሕተቱን ቆም ብሎ ለማየት የሚፈራ ሰው ሊያርመው አይችልም። ይህንንም ለመማር ካምብሪጅ ድረስ መሄድ አያስፈልገንም ነበር፤ ጎረቤታችን ሸማኔው በየቀኑ በዐይናችን ፊት ያስተምረን ኖሯል። ስለዚህ ከኛ በኋላ የምትመጡ ወንድሞችና እኅቶች ሆይ፤ ድሩ ሲበጠስባችሁ መወርወሪያውን አቁሙ፤ ክሩንም ፈልጉ።