የጉድጓድ ጠባቂዎች፦ ከጌራራ እስከ ቂርያት ጋት



እዚህ ቂርያት ጋት ተወልደን ያደግን ልጆች «ውሃ ከየት ይመጣል?» ብንባል መልሳችን «ከቧንቧ» ነው። እናቶቻችንን ብትጠይቋቸው ግን ስለ ዳገቱ፣ ስለ እንስራው ክብደት፣ ምንጩ ጋ ስለሚጠበቀው ተራ ይነግሯችኋል። እነሱ ውሃው ከየት እንደሚመጣ ያውቁ ነበር፤ ስለዚህም ይጠብቁት ነበር። እኛስ የማናየውን ውሃ እንዴት እንጠብቃለን? እስቲ ታሪኩን ከመጀመሪያው እንየው። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 26 እንደምናነበው፣ አብርሃም ያስቆፈራቸውን ጉድጓዶች ፍልስጥኤማውያን አፈር ሞልተው ደፈኗቸው። ልጁ ይስሐቅ ግን በጌራራ ሸለቆ እንደገና አስቆፈራቸው፤ አባቱ ባወጣላቸው ስምም ጠራቸው። በአዳዲሶቹም ጉድጓዶች ጠብ ተነሣ። ሰው ያልተጣላበትን ጉድጓድ ሲያገኝ ነው «ርኆቦት» ብሎ የሰየመው። ይህ ሁሉ የሆነው ሩቅ አገር አይደለም፤ ጌራራ ከከተማችን በስተ ደቡብ ምዕራብ ነው። ልብ በሉ፤ ያኔ ጉድጓድ የሚጠፋው በሚታይ አፈር ነበር። ማን እንደ ደፈነውም ይታወቃል።

ወላጆቻችን በመጡበት በጎንደር አገር ቤተ እስራኤል መንደሩን የሚቆረቁረው ወንዝ አጠገብ ነበር፤ ለመንጻት ወራጅ ውሃ ያስፈልጋልና። የመጠጥ ምንጭ ደግሞ የራሱ ደንብ አለው። ከብት የሚጠጣው ከታች ነው፤ ልብስ የሚታጠበውም ከታች ነው፤ ምንጩ በእሾህ ይታጠራል። ያደፈረሰ ልጅ ካለ የማንም እናት ትቆጣዋለች። ይህ ደንብ በወረቀት አልተጻፈም፤ ግን ሁሉም ያውቀዋል።

ቂርያት ጋት በ1955 የላኪሽ አካባቢ ማዕከል ሆና ስትቆረቆር፣ መሬቱ ሰፊ ቢሆንም ውሃው ጥቂት ነበር። በዚያው ዓመት ከሮሽ ሃዓይን ምንጮች ተነሥቶ እስከ ኔጌቭ የሚደርሰው የያርኮን ትልቅ ቧንቧ ተከፈተ። የላኪሽ እርሻና ሰፈራ የቆመው በዚህ ውሃ ነው። ሮሽ ሃዓይን ማለት «የምንጭ ራስ» ማለት ነው፤ ውሃውም ተራራው ላይ የዘነበ ዝናብ በድንጋይ ውስጥ ሰርጎ የሚወጣ የከርሰ ምድር ውሃ ነው። ስለዚህ ከተማችን የምንጭ ልጅ ናት ብንል ማጋነን አይሆንም። በ1964 ደግሞ ውሃን ከኪኔሬት ሐይቅ ወደ ደቡብ የሚያመጣው ብሔራዊው የውሃ መስመር ተመረቀ።

ታዲያ ውሃው ሲበዛ ጥንቃቄው ቀነሰ። በባሕሩ ዳርቻ ሜዳ ሥር ያለው አሸዋ ውሃ እንደ ስፖንጅ ይይዛል፤ ከላይ የፈሰሰበትንም ይቀበላል። ከእርሻ ማዳበሪያ፣ ከከተማ ፍሳሽ፣ ከፋብሪካ ኬሚካል ወደ ታች ሰረገ። ከመጠን በላይ ሲቀዳም የባሕር ጨው ገባበት። በዚህ ምክንያት የተዘጉ ጉድጓዶች ብዙ ናቸው። ከማዳበሪያና ከፍሳሽ የሚመጣው ናይትሬት በተለይ ለሕፃናት አደገኛ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በአንድ ሊትር ውሃ 50 ሚሊ ግራም ሲፈቅድ፣ የእስራኤል ደንብ እስከ 70 ይፈቅዳል።

ትልቁ ችግር ደግሞ ጊዜው ነው። በዚያ አሸዋ ውስጥ ቆሻሻ የሚወርደው በዓመት አንድ ሁለት ሜትር ያህል ነው። ጉድጓዱ 40 ሜትር ቢሆን፣ አባት ዛሬ ያፈሰሰው የሚደርሰው ለልጅ ወይም ለልጅ ልጅ ነው። አባቶቻችን «ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል» ያሉት ለዚህም ይሠራል።

መንግሥትም ቀስ በቀስ ሕግ አወጣ። የ1959ኙ የውሃ ሕግ ውሃ የሕዝብ ሀብት ነው አለ። በ1971 ውሃን መበከል የሚከለክል ክፍል ተጨመረበት። በ1995 የወጣው የጤና ደንብ ደግሞ በእያንዳንዱ የመጠጥ ጉድጓድ ዙሪያ ሦስት የጥበቃ ክልሎች አስቀመጠ፤ ወደ ጉድጓዱ በቀረባችሁ መጠን ክልከላው ይጠብቃል። እስቲ አስቡት፣ የእናቶቻችን የእሾህ አጥር ማለት እኮ ነው!

«አሁን የባሕር ውሃ እየተጣራ ነው፣ ጉድጓድ ምን ያደርጋል?» የሚል ወጣት አይጠፋም። እውነት ነው፤ በአሽቀሎን ከ2005 ጀምሮ፣ ከዚያም በሌሎች ቦታዎች ትልልቅ ማጣሪያዎች ተሠርተዋል። ነገር ግን ማጣሪያ ኤሌክትሪክና ንጹሕ ባሕር ይፈልጋል። በየካቲት 2021 ሬንጅ የእስራኤልን የባሕር ዳርቻ ሲሸፍነው ሁላችንም አይተናል። ማጣሪያ የቆመ ቀን የሚያጠጣን ጉድጓድ ነው። የተበከለ ጉድጓድ ግን መጠባበቂያ አይሆንም።

ሕግ ብቻውን አይበቃም። ያደፈረሰውን የሚቆጣ ሰው ያስፈልጋል። ስለዚህ የመኪና የተቃጠለ ዘይት መሬት ላይ ወይም ቱቦ ውስጥ አናፍስስ። የባትሪ ድንጋይን ለብቻው በተዘጋጀው ሳጥን እንጣል፤ ጊዜው ያለፈበትን መድኃኒት ሽንት ቤት ከመድፋት ፋርማሲ እንመልስ። ሜዳ ላይ ፍሳሽ ወይም ቆሻሻ ሲደፋ ስናይ ለኢሪያ እንደውል። የሚያስቸግር አይደለም፤ አንድ ስልክ ነው።

ወጣቶች፣ ዛሬ ማታ እናታችሁን ወይም አያታችሁን ስለ አገሯ ምንጭ ጠይቋት። ማን ያጥረው ነበር? ማን ይጠብቀው ነበር? ወላጆችም ልጆቻችሁ ባይጠይቁም ንገሯቸው። ይህ የድህነት ታሪክ አይደለም፤ እውቀት ነው። ይስሐቅ የአባቱን ጉድጓዶች በአባቱ ስም እንደ ጠራቸው ሁሉ፣ እኛም የወላጆቻችንን ደንብ በስሙ እንጥራው። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም፤ ያልተበከለን ግን መጠበቅ ይቻላል።

መልካም ዓመት ይሁንልን!