የመኖሪያ ቤት አጥር ቁመትና የጎረቤት ዕይታ በመካከለኛው ምሥራቅ ሕግ

በመካከለኛው ምሥራቅ ከተሞች የመኖሪያ ቤት አጥር ወሰን ከማመልከትና ሌባን ከመከላከል ያለፈ ድርሻ አለው፤ የቤተሰብን ገመና ይሸፍናል። በአካባቢው ስለ አጥርና ስለ መስኮት የወጡ ሕጎች አንዱ መነሻም ይኸው ነው። በእነዚህ ሕጎች የቁመት ዋነኛ መለኪያ ቆሞ የሚመለከት ሰው ዐይን ነው።

ጉዳዩን በዝርዝር ከደነገጉት ሕጎች አንዱ «መጀላ» በመባል የሚታወቀው የኦቶማን መንግሥት የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። ሕጉ በአህመድ ጀውደት ፓሻ በሚመራ ኮሚሽን ተዘጋጅቶ ከ1869 እስከ 1876 እ.ኤ.አ. በተከታታይ ወጥቷል። የኦቶማን መንግሥት ከፈረሰ በኋላም በኢራቅ፣ በሶርያና በዮርዳኖስ በሌሎች ሕጎች እስኪተካ ድረስ ለአሥርተ ዓመታት ተሠርቶበታል።

በአንቀጽ 1202 መሠረት የሴቶች መዋያ የሆኑት ማድ ቤት፣ የውኃ ጉድጓድ አፍና የቤት ግቢ ከጎረቤት መታየታቸው ከባድ ጉዳት ነው። አዲስ መስኮት ከፍቶ ይህን ጉዳት ያደረሰ ሰው እንዲያስወግደው ይገደዳል። ሆኖም ግንብ ወይም የሳንቃ መከለያ ቢያቆም ይበቃዋል፤ መስኮቱን ጨርሶ እንዲደፍን አይገደድም። ከቅርንጫፍ የተሠራ አጥር ክፍተት ካለውም ባለቤቱ ክፍተቱን እንዲዘጋ ይታዘዛል እንጂ አጥሩን አፍርሶ ግንብ እንዲሠራ አይጠየቅም።

አንቀጽ 1203 ከሰው ቁመት በላይ የተከፈተን መስኮት ጎረቤት «መሰላል አቁሞ ያየኛል» በማለት ሊያዘጋው እንደማይችል ይደነግጋል። በአንቀጽ 1205 ደግሞ በአትክልት ቦታው ባለው የፍሬ ዛፍ ላይ ሲወጣ የጎረቤት ሴቶች መዋያ የሚታየው ሰው፣ በወጣ ቁጥር አስቀድሞ ማሳወቅ አለበት።

በአብድ አል ራዛቅ አል ሳንሁሪ መሪነት የተዘጋጀው የ1948 የግብፅ የፍትሐ ብሔር ሕግም ተመሳሳይ መለኪያ ይዟል። ጎረቤትን ፊት ለፊት የሚያሳይ መስኮት ቢያንስ 1 ሜትር፣ በጎን የሚያሳይ ደግሞ 50 ሳንቲ ሜትር መራቅ አለበት። ግርጌው ከተለመደው የሰው ቁመት በላይ ለሆነና ለአየርና ለብርሃን ብቻ ለተከፈተ ቀዳዳ ግን ርቀት አይጠየቅም። አንቀጽ 818 እንደሚለው ማንም ሰው ጎረቤቱን ይዞታውን እንዲያጥር ማስገደድ አይችልም። የግንብ ባለቤትም ግንቡ ጎረቤቱን የሚከልል ከሆነ ያለ በቂ ምክንያት በፈቃዱ ሊያፈርሰው አይችልም።

ዛሬ የአጥርን ቁመት በሜትር የሚወስነው በብዙ ቦታ የየከተማው ማዘጋጃ ቤት ነው። በመሆኑም በአንድ ከተማ የተፈቀደው ቁመት በሌላው ላይፈቀድ ይችላል። በግንባታ፣ በጥበቃ፣ በአትክልተኝነት ወይም በቤት ውስጥ ሥራ የተሰማሩ ወገኖች በግንብ ላይ ብሎኬት እንዲጨምሩ፣ ቆርቆሮ ወይም መከለያ እንዲያስሩ፣ ወይም አጥር እንዲያፈርሱ ሲታዘዙ፣ የቤቱ ባለቤት ፈቃድ ማውጣቱን ሥራው ከመጀመሩ በፊት መጠየቅ ይገባቸዋል።

ለሥራ ጣሪያ፣ መሰላል ወይም ዛፍ ላይ መውጣት ግድ ሲሆንም በአሠሪው በኩል ለጎረቤት አስቀድሞ ማሳወቅ ተገቢ ነው። አጥሩ የቱንም ያህል ቢረዝም፣ መሰላል ላይ ከቆመ ሰው ዐይን የጎረቤትን ገመና አይሸፍንም። አንዲት የማስታወቂያ ቃል ግን ሠራተኛውን ከክስና ከጥርጣሬ፣ ጎረቤቱንም ከኀፍረት ልታድን ትችላለች።