ቴሌኮም በወረርሽኝ ወቅት፦ ለአዳማ ኢንዱስትሪ ፓርክና ለአካባቢው ደንበኞች የሚሰጥ ድጋፍ

ወረርሽኝ ሲከሰት የቴሌኮም አገልግሎት የሕክምና፣ የትምህርት፣ የሥራና የቤተሰብ መገናኛ መስመር ይሆናል። የጉዞና የመሰብሰብ ገደብ በተጣለ ቁጥር ቀድሞ በአካል ይፈጸም የነበረው ጉዳይ ወደ ስልክ ይዛወራል። በዚህ ጊዜ አገልግሎት ሰጪው ለደንበኞቹ የሚያደርገው ድጋፍ ዋነኛ መመዘኛ በስልኩ ላይ ሒሳብ የሌለው ሰው እርዳታ ለመጠየቅ መቻሉ ነው። ይህ ጽሑፍ የኮቪድ-19 ወረርሽኝ ወቅትን ተሞክሮ መነሻ በማድረግ ድጋፉ ምን ምን እንደሚያካትት፣ እንዴት እንደሚሠራና በኢንዱስትሪ ፓርክ ለሚሠሩ ዜጎች ምን ትርጉም እንዳለው ያብራራል።

የወረርሽኙ ጅማሮና የፓርኩ ሁኔታ

የዓለም ጤና ድርጅት መጋቢት 2 ቀን 2012 ዓ.ም. ኮቪድ-19 ዓለም አቀፍ ወረርሽኝ መሆኑን አስታወቀ። ከሁለት ቀን በኋላ፣ መጋቢት 4 ቀን፣ በኢትዮጵያ የመጀመሪያው ታማሚ መገኘቱ ይፋ ተደረገ። መጋቢት 7 ቀን ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ ተወሰነ፤ መጋቢት 30 ቀን ደግሞ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። አዋጁን ለማስፈጸም በወጣው ደንብ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ተከለከለ፤ የሕዝብ ማመላለሻ ተሽከርካሪዎች ከመቀመጫቸው ግማሹን ብቻ እንዲጭኑ ተደረገ፤ አሠሪዎች ሠራተኛ በማሰናበት ላይም ገደብ ተጣለ።

መስከረም 27 ቀን 2011 ዓ.ም. የተመረቀው አዳማ ኢንዱስትሪ ፓርክ በወቅቱ ገና ሁለት ዓመት አልሞላውም ነበር። አዳማ ከአዲስ አበባ ወደ ጅቡቲ በሚወስደው የመንገድና የባቡር መስመር ላይ የምትገኝ፣ አሽከርካሪዎችና መንገደኞች የሚያርፉባት ከተማ በመሆኗ የሰው እንቅስቃሴ የበዛባት ናት። የልብስ ስፌትና የጨርቃ ጨርቅ ሥራ ደግሞ እንደ ቢሮ ሥራ ከቤት ሆኖ የሚከናወን አይደለም። በመሆኑም የፋብሪካ ሠራተኛ በወረርሽኝ ወቅት ከስልክ የሚፈልገው ከቢሮ ሠራተኛ የተለየ ነው፤ ፈረቃው መቀየሩን ለማወቅ፣ የሕመም ምልክት ሲታይበት ከቤት ሳይወጣ ለማሳወቅ፣ ደመወዙን ለቤተሰብ ለመላክ እና በገጠር ያሉ ወላጆቹን ደኅንነት ለመጠየቅ ነው።

በሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በሚሠሩ ሴቶች ላይ በወረርሽኙ ወቅት በስልክ የተካሄደ ጥናት ብዙዎቹ ከሥራ ገበታቸው መለየታቸውንና ከከተማዋ ወጥተው ወደ ገጠር መሄዳቸውን አመልክቷል። ሠራተኛው የኪራይ ቤቱን ለቆ ሲሄድ አሠሪውም ሆነ የጤና ባለሙያው ሊያገኘው የሚችልበት አድራሻ የስልክ ቁጥሩ ብቻ ይሆናል። ቁጥሩ እንዳይቋረጥ መጠበቅ ከድጋፉ ተግባራት አንዱ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ነፃ የጥሪ መስመሮች

በኮቪድ-19 ወቅት ጥቆማ ለመስጠትና መረጃ ለመጠየቅ የሚያገለግሉ ነፃ የስልክ መስመሮች ተዘጋጅተው ነበር። 8335 እና 952 በፌዴራል ደረጃ ለሕዝብ የተገለጹ ቁጥሮች ሲሆኑ፣ ክልሎችም የየራሳቸው ቁጥር ነበራቸው፤ የኦሮሚያ ክልል ቁጥር 6955 ነበር። የእነዚህ መስመሮች ወጪ በደዋዩ ላይ ስለማይታሰብ የአየር ሰዓት ያለቀበት ደንበኛም መደወል ይችላል።

ነፃ መስመር ሥራውን የሚፈጽመው ሦስት ነገሮች ሲሟሉ ነው። የመጀመሪያው አንድ ጊዜ የሚገባውን የጥሪ ብዛት የሚሸከም የመስመር አቅም ነው። ሁለተኛው ጥሪውን የሚቀበሉ የሠለጠኑ ባለሙያዎች በበቂ ቁጥር መመደባቸው ነው፤ ይህ ኃላፊነት በአብዛኛው የጤና ተቋማት ድርሻ ነው። ሦስተኛው ቋንቋ ነው። በአዳማና በስምጥ ሸለቆ ከተሞች ለሚኖር ደዋይ አፋን ኦሮሞና አማርኛ የሚናገር ባለሙያ ካልተገኘ መስመሩ ነፃ መሆኑ ብቻውን አይጠቅመውም።

የጤና መልእክት በስልክ

በ2012 በጀት ዓመት መጨረሻ የኢትዮ ቴሌኮም ደንበኞች ቁጥር 46.2 ሚሊዮን ደርሶ ነበር። ይህ ብዛት ስልክን በአጭር ጊዜ መልእክት ለማዳረስ ከሚያስችሉ መንገዶች ቀዳሚ አድርጎታል። አጭር የጽሑፍ መልእክት በመላክ ብቻ ሳይወሰን፣ ደዋዩ ጥሪው እስኪነሣ በሚጠብቅበት ጊዜ እጅ መታጠብንና ርቀት መጠበቅን የሚያስታውስ የድምፅ መልእክት እንዲሰማ ተደርጓል። የድምፅ መልእክት ማንበብ ለማይችል ሰው ይደርሳል፤ በቀላል የእጅ ስልክም ይሠራል።

ይህ አሠራር ጥንቃቄ ይፈልጋል። ለአምቡላንስ ወይም ለሐኪም የሚደወል ጥሪ በመልእክት ምክንያት መዘግየት የለበትም። መልእክቱ አጭር ሊሆን፣ በየጊዜው ሊታደስና ሰዎች በስፋት በሚናገሯቸው ቋንቋዎች ሊቀርብ ይገባል። ለወራት ያልተለወጠ መልእክት ጆሮ ስለሚለምደው ኃይሉን ያጣል።

የአየር ሰዓትና ክፍያ

ድጋፉ ደንበኛው ከቤት ሳይወጣ አገልግሎት ማግኘቱን ይጨምራል። የአየር ሰዓት በባንክ የሞባይል አገልግሎት መሙላት፣ ከሌላ ደንበኛ በ*806# ማዛወር፣ ሒሳብ ሲያልቅ ደግሞ በ*810# መበደር ለዚህ ይጠቅማሉ። ብድሩ በቀጣይ ከሚሞላው ሒሳብ ላይ ከአገልግሎት ክፍያ ጋር ተቀናሽ የሚደረግ በመሆኑ ደንበኛው ከመበደሩ በፊት ይህን ሊያውቅ ይገባል።

የዋጋ ጉዳይም አለ። ኢትዮ ቴሌኮም በነሐሴ 2010 ዓ.ም. በሞባይል ኢንተርኔት ላይ 43 በመቶ፣ በድምፅ ጥሪ ላይ 40 በመቶ ቅናሽ ማድረጉ ወረርሽኙ ሲመጣ ደንበኞች ከቀድሞው ባነሰ ወጪ እንዲገናኙ አስችሏል። ወረርሽኝ ከመድረሱ በፊት የተወሰደ የዋጋ እርምጃ ከደረሰ በኋላ የሚሰጥ ጊዜያዊ ቅናሽን ያህል አስፈላጊ መሆኑን ይህ ያሳያል።

ግንቦት 3 ቀን 2013 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቴሌብር ደግሞ ገንዘብ በስልክ ለመላክ፣ ለመቀበልና ለመክፈል አስችሏል። አገልግሎቱ በ*127# ያለ ኢንተርኔት ጭምር ስለሚሠራ ዘመናዊ ስልክ የሌለው ሠራተኛም ለቤተሰቡ ገንዘብ ለማድረስ አውቶቡስ መሳፈር ወይም በባንክ ደጃፍ መሰለፍ አይጠበቅበትም።

የኔትወርክ ቀጣይነት

በወረርሽኝ ወቅት የአጠቃቀም ቦታና ሰዓት ይለወጣል። ቀን በቢሮዎች አካባቢ ይከማች የነበረው ጥሪና ኢንተርኔት ወደ መኖሪያ ሰፈሮች ይዛወራል። በኢንዱስትሪ ፓርክ አካባቢ ደግሞ በፈረቃ መግቢያና መውጫ ሰዓት ብዙ ሠራተኞች በአንድ ጊዜ ስለሚደውሉ በአቅራቢያው ያለው የሞባይል ማሰራጫ ጣቢያ ይጨናነቃል። አንድ ጣቢያ በአንድ ጊዜ የሚያስተናግደው ጥሪ የተወሰነ በመሆኑ አቅም መጨመር፣ ተጠባባቂ የኤሌክትሪክ ኃይል ማዘጋጀትና የጥገና ባለሙያዎች የእንቅስቃሴ ገደብ ሳያግዳቸው እንዲሠሩ ፈቃድ መስጠት ያስፈልጋል።

አንድ ድጋፍ በአንድ መንገድ ላይ ብቻ መመሥረት የለበትም። ከሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ጀምሮ ኢንተርኔት ለሳምንታት በተቋረጠበት ጊዜ በኢንተርኔት ላይ ብቻ የተመሠረቱ አገልግሎቶች ለተጠቃሚው አልደረሱም። ስለዚህ ማንኛውም የጤናና የክፍያ አገልግሎት በድምፅ ጥሪና በአጭር ቁጥር የሚሠራ አማራጭ ሊኖረው ይገባል።

የአሠሪዎች ድርሻ

በፓርኩ ውስጥ ያሉ አምራቾች የሚከተሉትን በቅድሚያ ቢያዘጋጁ የቴሌኮም ድጋፉ ለሠራተኛው በተሟላ ሁኔታ ይደርሳል፦

• የእያንዳንዱን ሠራተኛ የስልክ ቁጥርና የአንድ የቅርብ ቤተሰብ ቁጥር ይዞ በየጊዜው ማደስ፤ ቁጥሩንም ለሌላ ዓላማ አለማዋል፤
• የፈረቃ ለውጥንና የሥራ ማቆምን በማስታወቂያ ሰሌዳ ብቻ ሳይሆን በአጭር የጽሑፍ መልእክትም ማሳወቅ፤
• ሠራተኛው ሕመሙን በስልክ እንዲያሳውቅ መፍቀድ፤ በስልክ በማሳወቁም ደመወዙ እንደማይቀነስ በግልጽ መንገር፤
• ስልክ የሌላቸውን ወይም በአንድ ስልክ በጋራ የሚጠቀሙ ሠራተኞችን ለይቶ ሌላ የማሳወቂያ መንገድ ማዘጋጀት።

ከእነዚህ መካከል ሦስተኛው ልዩ ትኩረት ይሻል። ደመወዙ እንዳይቆረጥ የሰጋ ሠራተኛ ትኩሳቱን ደብቆ ወደ ሥራ ከገባ ነፃ መስመሩም፣ የጤና መልእክቱም ዓላማቸውን ይስታሉ።

የደንበኛው መብትና ጥንቃቄ

የኮሙኒኬሽን አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 1148/2011 ዘርፉን የሚቆጣጠረውን የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን አቋቁሟል። ከመስከረም 2015 ዓ.ም. ወዲህ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያም አገልግሎት በመስጠት ላይ ስለሚገኝ ደንበኞች አማራጭ አላቸው። ቅሬታ ያለው ደንበኛ በቅድሚያ ለአገልግሎት ሰጪው ያመለክታል፤ የኢትዮ ቴሌኮም የደንበኞች አገልግሎት ቁጥር 994 ነው። በተሰጠው ምላሽ ካልረካ ጉዳዩን ለባለሥልጣኑ ማቅረብ ይችላል።

ወረርሽኝ ለአጭበርባሪዎችም ምቹ ጊዜ ነው። የእርዳታ ገንዘብ ወይም ሽልማት እንደ ደረሰው በመግለጽ የይለፍ ቁጥር የሚጠይቅ ማንኛውም ጥሪ ሐሰተኛ እንደሆነ ደንበኛው ሊገነዘብ ይገባል። የሞባይል ገንዘብ የይለፍ ቁጥር ለአገልግሎት ሰጪው ሠራተኛም ቢሆን አይነገርም።

በኮቪድ-19 ወቅት ያገለገሉ ነፃ ቁጥሮች ለሌላ ወረርሽኝ ሊለወጡ ስለሚችሉ ደንበኞች በጊዜው በጤና ተቋማት የሚገለጸውን ቁጥር በስልካቸው መዝግበው እንዲይዙ፣ ማንበብ ለማይችሉ የቤተሰብ አባላትና ጎረቤቶችም እንዲያስተምሩ ይመከራል።