ትንፋሽና ጭንቀት በወለጋ የሕክምና ታሪክ

ዘመናዊ ሕክምና ወደ ወለጋ ከገባባቸው በሮች አንዱ የትንፋሽ ሕመም ነው። በ1911 ዓ.ም. «የኅዳር በሽታ» ተብሎ የሚታወሰው የዓለም ኢንፍሉዌንዛ ኢትዮጵያን ባጠቃ ጊዜ የወለጋ ምዕራባዊ ጠረፍም ከመከራው አልዳነም። ከዚህም የተነሣ አሜሪካዊው ሚሲዮናዊ ሐኪም ዶክተር ቶማስ ላምቢ በአገሩ ገዥ ተጠርተው በ1919 እ.ኤ.አ. ከሱዳን በኩል ወደ ሳዮ፣ ማለት ወደ ደምቢ ዶሎ፣ ዘለቁ። ቀጥሎም የስዊድን ወንጌላዊ ሚሲዮን ሐኪም ዶክተር ኤሪክ ሶደርስትሮም በነቀምቴ ሠሩ። ከዚያም በአይራ የጀርመን ሄርማንስቡርግ ሚሲዮን፣ በጊምቢ የአድቬንቲስት ሚሲዮን የሕክምና አገልግሎት አቋቋሙ።

የእነዚህ ጤና ተቋማት ዋና ትግል ከወባ፣ ከሳንባ ነቀርሳ፣ ከቁስልና ከወሊድ ችግር ጋር ነበር። ነገር ግን ትንፋሽ የሚያጥረው በሳንባ ሕመም ብቻ አይደለም። ደረቱን ይዞ የሚመጣ፣ ልቡ የሚመታበት፣ ጣቶቹን የሚነዝረው፣ በማዳመጫም በኤክስሬይም ግን ምንም የማይገኝበት በሽተኛ አለ። ሆላንዳዊው የአእምሮ ሐኪም ሮበርት ጊል በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ማብቂያ ከባልደረቦቻቸው ጋር በኢትዮጵያ ከተሞችና ገጠሮች ባካሄዱት ጥናት ያሳዩት አንዱ ቁም ነገር ይህ ነበር፦ ወደ ጠቅላላ ሕክምና ከሚመጣው ሕዝብ መካከል የአእምሮ ጭንቀቱን በአካል ሕመም ስም የሚናገር ጥቂት አይደለም።

ሕዝቡስ ይህን ዝምድና በቋንቋው ሲያውቀው ኖሯል። በአማርኛ ነፍስና እስትንፋስ ከአንድ ሥር የበቀሉ ቃላት ናቸው፤ ከጭንቅ የወጣ ሰው «እፎይ» ይላል፤ እፎይታ ማለትም የወጣ ትንፋሽ ነው። በኦሮምኛም «ሀፉራ» የሚለው ቃል ትንፋሽንም መንፈስንም ያመለክታል፤ «ሀፉራ ባፈቹ» ሲባል መተንፈስም ማረፍም ነው። ስለዚህ የነቀምቴ ሰው ዕረፍትን ከትንፋሽ ለይቶ አያይም ማለት ይቻላል።

የሕክምና ሳይንስ ወደዚሁ እውነት የደረሰው በረጅም መንገድ ነው። አሜሪካዊው ሐኪም ጃኮብ ዳ ኮስታ በ1871 እ.ኤ.አ. ከእርስ በርስ ጦርነት የተመለሱ ወታደሮች ያለ ግልጽ የልብ በሽታ የልብ ምትና የትንፋሽ ማጠር እንደሚያሠቃያቸው ጻፉ። በ1937 እ.ኤ.አ. ደግሞ ዊልያም ኬርና ጓደኞቻቸው የእነዚህን ምልክቶች ብዙውን ክፍል ከፈጣን አተነፋፈስ ጋር አገናኙት። አሠራሩም እንዲህ ነው፦ የተጨነቀ ሰው አብዝቶ ሲተነፍስ ከደሙ ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከመጠን በላይ ይወጣል፤ ወደ አንጎል የሚሄዱት የደም ሥሮች ይጠባሉ፤ ራሱን ያዞረዋል፤ ከንፈሩንና ጣቶቹን ይነዝረዋል። በሽተኛው ይህን የሞት ምልክት አድርጎ ስለሚወስደው ይበልጥ ይፈራል፤ ይበልጥም ይተነፍሳል። አዙሪቱን የሚሰብረው ዝግ ያለ ትንፋሽ ነው። በዕረፍት ላይ ያለ አዋቂ በደቂቃ ከ12 እስከ 20 ጊዜ ይተነፍሳል፤ ይህን ወደ ስድስት ገደማ ዝቅ አድርጎ ማስወጫውን ማርዘም የልብ ምትን ያረጋጋል።

በትኩረት መተንፈስን ወደ ክሊኒክ ያስገቡት በ1975 እ.ኤ.አ. ኸርበርት ቤንሰን፣ በ1979 እ.ኤ.አ. ደግሞ ጆን ካባት ዚን ሲሆኑ፣ መነሻቸው የእስያ የተመስጦ ልማድ ነበር። በክሊኒክ የሚሰጠው ግን ሃይማኖታዊ ቃል የሌለው ልምምድ ስለሆነ ክርስቲያኑም፣ ሙስሊሙም፣ የዋቄፈና ተከታዩም እምነቱን ሳይነካ ሊሠራበት ይችላል።

ታዲያ ይህ ዕውቀት ከወለጋ ሕሙማን ለምን ራቀ? መልሱ በርቀትና በሰው ኃይል እጥረት ላይ ይገኛል። በጣሊያን ወረራ ዘመን የተቋቋመው የአማኑኤል ሆስፒታል ለብዙ ዐሥርት ዓመታት በአገሪቱ ብቸኛው የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል ሆኖ ኖሯል። ከነቀምቴ አዲስ አበባ 330 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ከደምቢ ዶሎ ደግሞ ከ600 በላይ ነው። ያን መንገድ የሚጓዘው በገመድ እስከ መታሰር የደረሰ ሕመምተኛ እንጂ ሌሊት ትንፋሽ አጥሮት የሚነቃ ገበሬ አልነበረም። በ1987 እ.ኤ.አ. በዓለም ጤና ድርጅት ድጋፍ በአማኑኤል የአእምሮ ጤና ነርሶች ሥልጠና ሲጀመርና ተመራቂዎቹ በየክፍለ ሀገሩ ሆስፒታሎች ሲመደቡ ነገሩ መለወጥ ጀመረ። በዚህ ታሪክ ውስጥ የነርሱ ድርሻ ከሐኪሙ የቀደመ መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም።

ከኅዳር በሽታ መቶ ዓመት በኋላ፣ በ2011 ዓ.ም. መባቻ፣ ነቀምቴ ሌላ የጭንቅ ትንፋሽ አስተናገደች፤ ከካማሺ ዞን በግጭት የተፈናቀለ ሕዝብ በከተማይቱና በአካባቢዋ ተጠለለ። ከዚያም ወዲህ በወለጋ ዞኖች የቀጠለው የትጥቅ ግጭት የብዙዎችን ዘመድ፣ ቤትና እንቅልፍ ነጥቋል። ለእንዲህ ዓይነቱ ሁኔታ የዓለም ጤና ድርጅት በ2016 እ.ኤ.አ. ባወጣው የአምስት ጊዜ ግንኙነት መርሐ ግብር ውስጥ በመጀመሪያ የሚሰጠው ክህሎት ዝግ ያለ አተነፋፈስ ነው፤ አሠልጣኙም የአእምሮ ሐኪም መሆን አያስፈልገውም፤ ሠልጥኖ ክትትል የሚደረግለት ተራ ሰው ይበቃል።

ይሁንና ሁለት ጥንቃቄዎች አሉ። አንደኛው፣ ትንፋሽ ያጠረው ሁሉ ተጨነቀ ማለት አይደለም፤ አስም፣ የሳንባ ምች፣ የልብ በሽታና የደም ማነስ አስቀድመው መመርመር አለባቸው። እንቅርት የቆየ ችግር በሆነበት በወለጋ ደጋ የእንቅርት ዕጢ ከመጠን በላይ መሥራትም የልብ ምትና የእጅ መንቀጥቀጥ አምጥቶ ጭንቀት ሊመስል ይችላል። ቀድሞ የተለመደው በወረቀት ከረጢት ማስተንፈስም የእውነተኛ ኦክስጅን እጦትን ስለሚያባብስ ዛሬ አይመከርም። ሁለተኛው ጥንቃቄ ይበልጥ ይከብዳል፦ ቤቱ ለተቃጠለበት ሰው «ቀስ ብለህ ተንፍስ» ብሎ መተው ሕክምና አይሆንም። ልምምዱ ለተጨነቀው ሰው የዛሬን ሌሊት ያሳድረዋል እንጂ የጎደለውን እህል፣ የጠፋውን ልጅ፣ ያጣውን ሰላም አይተካም።

ስለዚህ የወለጋ ታሪክ የሚያስተምረው አንድ ነገር አለ። ትንፋሽ ከሰው የማይለይ፣ መጋዘንም መንገድም የማይፈልግ መድኃኒት ነው፤ የጎደለው አጠገቡ ተቀምጦ ምርመራውን የሚያደርግ፣ ታሪኩን የሚሰማና አብሮት የሚቆጥር ሰው ነው። በ1911 ዓ.ም. መከራ ሐኪም ወደ ሳዮ ድንበር ተሻግሮ መጣ፤ በዛሬው ጭንቅ ግን የሚጠበቀው እንግዳ ሳይሆን በየጤና ጣቢያው የተመደበው የራስ ባለሙያ ነው። ይህን ሰው ማሠልጠን፣ መደገፍና እርሱም ራሱ እፎይ የሚልበትን ጊዜ መስጠት ለሙያው የተተወ ዕዳ ነው።