ችቦ በሮም

ሮም በ1952 ዓ.ም. 17ኛውን የኦሊምፒክ ጨዋታ ስታስተናግድ ፋሺዝም ያቆማቸውን ድንጋዮች አላነሣችም ነበር። ዋናው ስታዲየም የሚገኝበት ፎሮ ኢታሊኮ በሙሶሊኒ ዘመን የታነጸ ነው፤ በመግቢያው ስሙ የተቀረጸበት የእብነ በረድ ሐውልት ቆሟል። ከሐውልቱ ወዲያ በተደረደሩት የድንጋይ ጥርቦች ላይ የዘመኑ «ታላላቅ ቀኖች» ተጽፈዋል። ኢትዮጵያን ይዘን ንጉሠ ነገሥታዊ ግዛት መሠረትን ያሉበት ግንቦት 1 ቀን 1928 ዓ.ም. አንዱ ነው።

የማራቶኑ መንገድ ደግሞ በሌላ ድንጋይ አጠገብ ያልፍ ነበር፦ ከአገራችን ተዘርፎ በ1930 ዓ.ም. በፖርታ ካፔና አደባባይ በተተከለው የአክሱም ሐውልት። ከጎኑ ለቅኝ ግዛቶች ሚኒስቴር ተብሎ የታነጸው ሕንጻ ከጦርነቱ በኋላ የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት መቀመጫ ሆኗል። (ረኀብን የሚዋጋ ድርጅት እዚያ መግባቱ ራሱን የቻለ ቅኔ ነው።)

ሩጫው የተካሄደው ጳጉሜን 5 ቀን ነው። አገር ቤት የእንቁጣጣሽ ዋዜማ ችቦ በሚበራበት ምሽት፣ በጥንታዊው የአፒያ መንገድ ግራና ቀኝ የጣሊያን ወታደሮች ችቦ ይዘው ቆመው ነበር። የዚያ ጦር አባቶችና ታላላቅ ወንድሞች አዲስ አበባ ከገቡ ገና 24 ዓመት መሆኑ ነው። ችቦውን ያበሩት ለማን እንደ ሆነ አላወቁም። አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ በመካከላቸው አለፈ፤ ከሞሮኮው ራዲ ቤን አብደሰላም ጋር ጎን ለጎን ቆይቶ፣ ወደ ሐውልቱ ሲቃረብ ጥሎት ሄደ። በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ፣ በቆስጠንጢኖስ የድል ቅስት ሥር ገባ።

ጣሊያን በ1939 ዓ.ም. የሰላም ውል ልትመልሰው ቃል የገባችው ሐውልት ወደ አክሱም የተመለሰው በ1997 ዓ.ም. ነው።