ከመስበክ በፊት መማር፦ ከሐረር የሚስዮን ታሪክ



ወንጌልን ይዞ ወደ ሌላ ሕዝብ የሄደ ወጣት ቀኑን እንዴት ያሳልፋል? ብዙዎቻችን የምናስበው ቆሞ ሲሰብክ ነው። የሚስዮን ታሪክ ግን ሌላ ነገር ያሳየናል። ወጣቱ ሰባኪ ከመሆኑ በፊት ተማሪ ነው። አፉን በከፈተ ቁጥር ልጆች ይስቁበታል። በአገሩ የተማረ ሰው፣ እዚህ ውኃ ለመጠየቅ እንኳ ቃል ያጣል። ይህን ትሕትና የታገሠ ይቀራል፤ ያልታገሠ ይመለሳል።

ሐረርን ለሚያውቅ ሰው ነገሩ ግልጽ ነው። በጁገል ግንብ ውስጥ የነዋሪው የእናት ቋንቋ ጌይ ሲናን ነው። በአምስቱ በሮች ማገዶና አትክልት ይዘው የሚገቡት እናቶች በኦሮምኛ ይነጋገራሉ። በገበያው ሶማልኛ ይሰማል፤ ቁርኣን በዐረብኛ ይቀራል፤ ከግንቡ ውጭ ባለው አዲሱ ከተማ አማርኛ ይበረታል። ታዲያ እዚህ የሚመጣ አገልጋይ በየትኛው ቋንቋ ይናገር?

እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን እ.ኤ.አ. በ1855 ሐረር ገብቶ አሥር ቀን ብቻ ቆይቶ ወጣ፤ ስለ ጉዞውም ዝነኛ መጽሐፍ ጻፈ። እኛ ዛሬ የምናነሣው ግን አሥር ቀን ሳይሆን ከግማሽ ምእት ዓመት በላይ የቆዩትን ሰው ነው።

አባ እንድርያስ

እ.ኤ.አ. በ1881፣ ግብፆች ከተማዋን ይዘው በነበረበት ጊዜ፣ ከሸዋ የተባረሩት የካፑቺን ማኅበር ጳጳስ ቶረን ካኝ ሐረር ገቡ። ብዙም ሳይቆይ በሃያዎቹ ዕድሜ የነበሩ ፈረንሳዊ መነኩሴ፣ አንድሬ ዣሮሶ፣ ተከተሏቸው። የሐረር ሰው አባ እንድርያስ ብሎ ጠራቸው። ከካቶሊክ ወገኖቻችን ጋር በትምህርተ ሃይማኖት የምንለያይባቸው ነገሮች እንዳሉ አንሸሽግም። ሆኖም በትዕግሥታቸው የሚያስተምረንን ሰው ታሪክ ማለፍ አይገባም።

ዘመኑ ቀላል አልነበረም። ከባሕር ጠረፍ እስከ ሐረር መንገዱ በእግርና በግመል ነበር፤ ባቡር ድሬዳዋ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1902 ነው። ግብፆች እ.ኤ.አ. በ1885 ወጡ። ከሁለት ዓመት በኋላ በጨለንቆ ጦርነት ተደርጎ ምኒልክ ከተማዋን ያዙ። ወዲያው ክፉ ቀን መጣ፤ ከብት አለቀ፣ ሰው በረሃብ ረገፈ።

የሚስዮኑ ዋና ተልእኮ ወደ ኦሮሞ ሕዝብ ስለነበር ቋንቋ መማር ግዴታ ነበር። የማኅበሩ ቀደምት መሪ ጉልየልሞ ማሳያ ለሚስዮናውያን መማሪያ የሚሆን የአማርኛና የኦሮምኛ ሰዋስው እ.ኤ.አ. በ1867 ፓሪስ ላይ አሳትመው ነበር። መጽሐፉ መንገድ ይጠቁማል፤ ቋንቋውን የሚሰጠው ግን ሰው ነው፤ ደጅ ላይ የሚጫወት ልጅ፣ ገበያ ላይ የምትከራከር እናት፣ ቁስሉን ለማሳጠብ የመጣ በሽተኛ።

ከዚህ ትዕግሥት የወጣው ፍሬ ጩኸት የለውም። ልጆች የሚማሩበት ትምህርት ቤት ተተከለ። ሰው የሚሸሻቸው የሥጋ ደዌ ሕሙማን መጠለያ አገኙ፤ እዚያም ማተሚያ ቤት ነበረ። ዣሮሶ እ.ኤ.አ. በ1900 ጳጳስ ሆኑ፤ ከሐረር ግን አልራቁም።

በካፑቺኖች ዘንድ ከተማሩት ኢትዮጵያውያን አንዱ አባ ሳሙኤል ወልደ ካህን ነበሩ። ራስ መኮንን ልጃቸውን ተፈሪን እንዲያስተምሩ የመረጡት እኚህን ኢትዮጵያዊ ነው። አባ ሳሙኤል እ.ኤ.አ. በ1915 በሐረማያ ሐይቅ ጀልባ ሰጥማ ሞቱ፤ ደጃዝማች ተፈሪ ከዚያው አደጋ ተረፉ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በሕይወት ታሪካቸው መምህራቸውን በፍቅር ያነሣሉ። እንግዳው መምህር የአገሩን ልጅ አስተማረ፤ የአገሩ ልጅም ሌላውን አስተማረ። አገልግሎት ሥር ሰደደ የምንለው ይህን ጊዜ ነው።

ዣሮሶ በጣሊያን ወረራ ዘመን በእርጅናቸው ከሐረር እንዲወጡ ተደረገ። እ.ኤ.አ. በ1941 ፈረንሳይ አገር፣ ቱሉዝ ላይ አረፉ።

የእኛው ቤት ታሪክ

ከጦርነቱ በኋላ የሜኖናይት ሚስዮናውያን በሐረርጌ ደደርና በደኖ ገቡ። ደደር ላይ ሆስፒታልና ትምህርት ቤት፣ በደኖ ላይ ክሊኒክና ትምህርት ቤት ከፈቱ። እ.ኤ.አ. በ1944 የወጣው የሚስዮን ደንብ ሚስዮናውያን ሁሉ አማርኛ እንዲማሩ፣ ትምህርትም በአማርኛ እንዲሰጥ ያዝዝ ነበር። በዙሪያቸው ያለው ገበሬ ግን ኦሮምኛ ተናጋሪ ነው። ስለዚህ ነርሱም መምህሩም አንዱን ቋንቋ ለሥራ፣ ሌላውን ለጎረቤት መማር ነበረባቸው። የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ከዚህ ሚስዮን ሥራ የተወለደች ናት። ኦኔሲሞስ ነሲብ ከአስቴር ጋኖ ጋር የደከሙበት የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ እ.ኤ.አ. በ1899 ታትሞ እንደነበር ስናስታውስ፣ ቃሉ ከሰባኪው ቀድሞ የሕዝቡን ቋንቋ እንደተናገረ እንረዳለን።

ጥያቄው ለእኛ

እዚህ ላይ ራሳችንን እንመርምር። እኛ መጋቢዎች ወጣት አገልጋይ ስንልክ የመጀመሪያውን ሪፖርት የምንጠብቀው በስንት ወር ነው? ስንት ሰው አመነ ብለን እንጠይቃለን፤ ስንት ሰው ቋንቋውን አስተማረህ ብለን ግን አንጠይቅም። ከአንድ ዓመት በኋላ ልቡ ተሰብሮ የተመለሰ ወጣት ተቀብለን፣ ጥሪ አልነበረውም ብለን የፈረድንበት ጊዜ አለ። በደላችን ነው። የተማሪነት ዘመኑን ነፍገነዋል።

ከዚህም የሚቀርብ አለ። ከአጥራችን ውጭ አትክልት የምትሸጠዋን እናት ዋጋ ለመጠየቅ የሚበቃ ኦሮምኛ አለን፤ ልጇ ሲታመም ለማጽናናት የሚበቃ ግን የለንም። በጁገል ጎረቤታችንን በጌይ ሲናን ሰላም ለማለት ስንቶቻችን ደክመናል? ጳውሎስ በ1ኛ ቆሮንቶስ 14 የቋንቋውን ትርጉም ካላወቅን ለተናጋሪው እንግዳ እንደምንሆን ያስተምራል። በበዓለ ኀምሳ ቀን የእግዚአብሔር መንፈስ ሕዝቡን ሁሉ ወደ አንድ ቋንቋ አላመጣም፤ ለእያንዳንዱ በተወለደበት ቋንቋ አሰማው (ሐዋ. 2)። ጌታችንም ወደ እኛ ሲመጣ ሕፃን ሆኖ ተወለደ፤ መናገርንም ከእናቱ ተማረ። ከእርሱ የሚበልጥ አገልጋይ የለም።

ወጣቶች ሆይ፣ ስትሳሳቱ ቢሳቅባችሁ አትፈሩ፤ ያ ሣቅ ብዙ ጊዜ የወዳጅነት መጀመሪያ ነው። እኛም በዚህ ሳምንት ከአንድ ጎረቤታችን አንድ ሰላምታ በቋንቋው እንማር።

ጌታ ሆይ፣ ለመናገር ከመቸኮል አድነን፤ የሚማር ልብ ስጠን። አሜን።